አንድ ጊዜ ብቻ የጠየቁን ቀን

ጣሊያን ከተማችንን ዞሮ አይቶ «እዚህ አገር ሠራተኛ የለም» ብሎ ያስጻፈበትን ቀን አውቀዋለሁ። ያስባልነው እኛው ነን፤ እኔም አንዷ ነኝ። ያን ዘመን ያየ ሰው ሲጠየቅ ስለ ጦርነቱና ስለ ጫካው ያወራል። ያውራ፣ ደግ አደረገ። እኔ ግን የማወራው በዚያ ዘመን ስለተዘጋብኝ ሥራና ስለ አንድ ድቡልቡል ሰም ነው።

ጧፍ ሠሪ ነበርኩ። ሥራው የእናቴ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ከገበያው ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ አንዲት የሣር ቤት ነበረችን፤ እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ እዚያች ቤት ውስጥ ሰም ስታቀልጥ ኖራለች። እኔ ስደርስ ወደ ደምበጫ ተዳርኩ። ባሌ ዝም የምትል ሴት ፈልጎ ነበር፤ ተሳሳተ። በሁለተኛው ዓመት ልብሴን ጠቅልዬ ወደ እናቴ ተመለስኩ። መሬት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ የሚጦረኝ ወንድም የለኝ። ያ ሥራ ብቻ ነበረኝ። እናቴም ዐይኗ እየደከመ ስለነበር ከእኔ እጅ በቀር ሌላ አልነበራትም።

ጠጅ ሲጣል ከማሩ ላይ ሰም ከነቆሻሻው ይንሳፈፋል፤ ሰፈፍ ይባላል። ለጠጅ ጣይዋ ጣጣ ነው፣ ለእኛ እንጀራችን ነበር። እናቴ ሰፈፉን በየጠጅ ቤቱ እየዞረች ትገዛለች፣ ታፈላዋለች፣ በሻሽ ታጠልለዋለች፣ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ስታፈሰው ቢጫ ሰም ሆኖ ይረጋል። እኔ ጥጡን እፈትላለሁ፣ ክሩን እገምዳለሁ፣ በቀለጠው ሰም ውስጥ አሳልፌ ሳይደርቅ በእርጥብ ሳንቃ ላይ በመዳፌ አሽከረክረዋለሁ። ቀጥ ያለ፣ ጭስ የሌለው፣ ሲነድ ማር ማር የሚሸት ጧፍ ይወጣል። ለቤተ ክርስቲያን ደግሞ ንጹሕ ሰም ነው የሚገባው፤ ሞራ የነካው መብራት መቅደስ አይገባም። ለንግሥ ከጉንደ ወይን ድረስ ካህናት እየመጡ ከእኛ ይወስዱ ነበር።

እዚህ ላይ የአገሬን አመል ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በእሱ ነውና። እኛ ጋ ሰው «ምን ትሠራለህ?» ሲባል ሥራውን አይናገርም። ሸማኔው ግማሽ የደረሰ ጋቢ እፊቱ ተወጥሮ፣ «ምኑን ሸማኔ ሆንኩት፣ እንዲያው እጄ እንዳይፈታ ነው» ይላል። ቀጥቃጩ ማረሻ እየቀጠቀጠ፣ «ብረት አነካካለሁ እንጂ ምን እሠራለሁ» ይላል። ይህ ውሸት አይደለም፣ ወግ ነው። ሥራዬ ሰመረ ያለ ሰው ላይ ዐይን ያርፋል ተብሎም ይፈራል። ጠያቂው ይህን ያውቃል። «ኧረ ተው፣ እጅህ የታወቀ ነው» ብሎ ደግሞ ይጠይቃል፣ ሰውየውም ደግሞ ይክዳል። በሦስተኛው «እንግዲህ ካልክስ» ይልና ያለውን ሁሉ ዘርግፎ ይናገራል። ልክ እንደ ማዕድ ነው። «ብይ» ስትባይ «በልቻለሁ» ትያለሽ፣ «ኧረ በሞቴ» ትባያለሽ፣ በሦስተኛው እጅሽን ትታጠቢያለሽ። አንዴ ብሎ የሚተው ጋባዥ ድሮም መስጠት አልፈለገም። ደምበጫ ሳለሁ አማቴ አንዴ ብቻ ነበር ብይ የምትለኝ፤ ከዚያ ቤት የወጣሁበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው።

ከተማዋም ብትሆን ጣሊያን ሳይመጣ ለሠራተኛ እናት ነበረች ብዬ አልዋሽም። ሸማኔው በሄደበት ይታማል፣ ለቀጥቃጩ ልጅ የሚድር የለም፣ ቆዳ ፋቂው ከገበያው ዳር ነው የሚቀመጠው። ሰው የሠሩለትን ይለብሳል፣ በሠሩለት ያርሳል፣ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ፊቱን ያዞራል። እኛ ሥራችን መቅደስ ስለሚገባ ትንሽ እንሻል ነበር። ግን አንድ ቀን እንኳ አንድ ሰው በአደባባይ ቆሞ «እነዚህ ሴቶች ደብሩን ያበራሉ» ሲል አልሰማሁም። እኛም እንዲባልልን አልጠበቅንም።

ጣሊያን ገባና ምሽጉን ሠራ፣ ሽቦውን ዘረጋ። ገጠሩ ሸፈተ። ከደብረ ኤልያስ ማር ጭነው የሚመጡት ነጋዴዎች አንድ ሳምንት ይመጣሉ፣ ሦስት ሳምንት ይቀራሉ። ማር ሲጠፋ ጠጁ ይጠፋል፣ ጠጁ ሲጠፋ ሰፈፉ ይጠፋል። እንዲያም ሆኖ ከእጅ ወደ አፍ እንኖር ነበር። እናቴ የሰፈፍ ጠረን በየትኛው ቤት እንዳለ ከመንገድ ሆና ታውቅ ነበር፤ ዐይኗ ቢደክምም አፍንጫዋ አልደከመም።

አንድ ቀን ነጋሪት ተጎሰመ። በሚቀጥለው ገበያ የጣሊያኑ ሹም ራሱ መጥቶ የከተማውን ሠራተኛ ሊያይ ነው፣ ማን ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚጎድለው፣ በምን ሊታገዝ እንደሚችል እየጠየቀ ሊያጽፍ ነው ተባለ። አወይ ጉድ! ገበያው ውስጥ ሠራተኛው ተደርድሮ የሚሸጥበት የእኛ መደዳ ተሸበረ። እገዛ የሚለውን ማን አመነ? «ግብር ሊጥልብን ነው» አለ ሸማኔው። «ልጆቻችንን ለመንገድ ሥራ ሊወስድ ነው» አለ ቀጥቃጩ። ኮርቻ ሠሪው ደግሞ በዚያው ቀን ከኮርቻዎቹ ግማሹን ወደ ቤቱ አሸሸ።

እኔ ግን እውነቱን ልናገር፤ ልቤ ተስፋ አደረገ። በዕድሜዬ ሙሉ «ምን ጎደለሽ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረማ። የጎደለኝን ደግሞ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ክረምት ላይ የማያፈስ ዳስ፣ ሰፈፍ የምገዛበት ገንዘብ፣ ደብረ ኤልያስ ድረስ ሄጄ ማሩን ከነሰሙ የማመጣበት የይለፍ ወረቀት። ሳምንቱን ሙሉ ጥጥ ስፈትል ይህን በአፌ ስደጋግም ነበር።

እናቴ ሰማችኝ። «ልጄ፣ ምላስሽ ረጅም ነው» አለችኝ። «ሰውየው ሲመጣ እንዳትዘረግፊበት። እንደ ወጉ መልሺ። ከልቡ ከሆነ ደግሞ ይጠይቅሻል።»

«ባይጠይቀኝስ?»

«ከልቡ ካልሆነማ ብትነግሪውስ ምን ያደርግልሻል?» አለች። ልክ ናት ብዬ ተቀበልኩ። ዛሬም ቢሆን ተሳስታለች ለማለት አፌ አይደፍርም።

የገበያው ቀን ሹሙ መጣ። ቁመቱ አጭር፣ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ ሰው ነው። አንድ ጸሐፊ መዝገብ ይዞ ይከተለዋል፣ በዚህ በኩል አስተርጓሚው አለ። አስተርጓሚውን አወቅሁት። የቆሎ ተማሪ ሳለ አኮፋዳውን አንግቶ ደጃችን እየመጣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይል የነበረ ነው፤ ዜማው ያምር ስለነበር እናቴ ትወደው ነበር። አሁን ጫማ አድርጓል። ሲያየኝ ፊቱን ወደ መዝገቡ መለሰ።

ከላይ ጀመሩ። ሸማኔው ተጠየቀ። «ምኑን ሸማኔ ሆንኩት ጌታዬ፣ እንዲያው እጄ እንዳይፈታ ነው።» ጸሐፊው ጻፈ፣ አለፉ። ቀጥቃጩ ተጠየቀ። «ብረት አነካካለሁ እንጂ ምን ሥራ አለኝ።» ጻፈ፣ አለፉ። ኮርቻ ሠሪው ባዶ ቁርበት ላይ ተቀምጦ «አርጅቻለሁ» አለ። ጻፈ፣ አለፉ። እየደረሱብኝ መጡ።

አስተርጓሚው እፊቴ ቆመ። እፊቴ በቅርጫት ሙሉ ጧፍ በእስር በእስር ተደርድሯል፤ ዕውር እንኳ በጠረኑ ያውቀዋል። «ሥራሽ ምንድን ነው? ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

«ምን ሥራ አለኝ ጌታዬ» አልኩ። «እንዲያው እጄ እንዳይፈታ ነው።»

ይህን አልኩና ቀና ብዬ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅሁ። አፌ ውስጥ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቷል፤ ዳሱ፣ ሰፈፉ፣ የይለፉ ወረቀት። አስተርጓሚው ወደ ሹሙ ዞሮ ሁለት ቃል ተናገረ። ጸሐፊው ብዕሩን አንዴ ጫር አደረገ። ሄዱ። ጀርባቸውን እያየሁ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሹሙ ቅርጫቴን አይቶታል፤ ዐይኑ ሲያርፍበት አይቻለሁ። ግን ሰው «የለኝም» ካለ የለውም ማለት ነው፣ እሱ ያደገበት አገር እንዲህ ነው መሰለኝ።

ከመደዳው መጨረሻ ላይ ከጦሩ ጋር ተከትሎ የመጣ አንድ ነጋዴ ድንኳን ነበረው። ሹሙ እሱ ጋ ሲደርስ ብዙ ቆየ። ነጋዴው ሳይጠየቅም ተናገረ። ዕቃውን እያነሳ አሳየ፣ የሌለውንም እንዳለው አድርጎ ቆጠረ፣ ቦታ ስጡኝ አለ፣ ጣራ ስጡኝ አለ። የእኛ መደዳ ሁሉ ዞሮ አየውና ሳቀበት። «ምን ዓይነት ባለጌ ነው!» አለ ሸማኔው። እኔም ሳቅሁ፣ አፌን በቆረጠው።

ወር አልሞላም፣ ነጋሪቱ እንደገና ተጎሰመ። ሹሙ ከተማውን አይቷል፣ ሠራተኛ የሚባል አላገኘም። ስለዚህ ሱቅ የሚከፍት ሰው ከውጭ ይመጣል፤ መደዳው ይፈርስና ለዚያ ነጋዴ ይሰጣል። መዝገብ ላይ ስሙ የሌለ ሰው ከዛሬ ጀምሮ ገበያ ውስጥ የሠራውን አይሸጥም፤ ሰምና ቆዳም ወረቀት ካለው በቀር ማንም አይገዛም። አዋጁ ሲያልቅ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሸማኔውን አየሁት፣ እሱም እኔን አየኝ፣ ሁለታችንም እፍረት ያዘን። በቁማችን አንድ ባንድ ተጠይቀን፣ በገዛ አፋችን የለንም ብለን ነበርና።

በማግስቱ ወደ ሹሙ ቢሮ ሄጄ አስተርጓሚውን ደጅ ጠበቅሁት።

«ጌታው» አልኩት፣ «እኔን እኮ ያውቁኛል።»

«አውቅሻለሁ።»

«ሥራዬንም ያውቁታል።»

«የለኝም ያልሽው አንቺ ነሽ። ያልሽውን ነገርኩት፣ ጻፈ።»

ደሜ ፈላ። እርስዎ ማለቱም ጠፋኝ። «አንድ ጊዜ እኮ ነው የጠየቅከኝ!»

«እና ስንት ጊዜ ልጠይቅሽ?»

«ስንት ጊዜ እንደሚጠየቅ አታውቅም? አገርህ ወዴት ነው አንተ? ደጃችን ቆመህ ስትለምን እናቴ ሁለቴ አስጮኻህ ታውቃለች? ዜማህን ሳትጨርስ አይደል እንጀራው ይወጣልህ የነበረው?»

ፊቱ ተለዋወጠ። ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሹሙ አንዴ ነው የሚጠይቀው። እኔ ሁለቴ ብጠይቅ የራሴን ነገር የጨመርኩ ይመስለዋል። እኔም እንጀራዬ ነው» አለኝ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ። ብሰድበው በወደድኩ፤ ነገር ግን የተናገረው እውነት መስሎኝ ዝም አልኩ፣ ዝምታ ለእኔ ከባድ ነገር ነው።

ወደ ደብራችን ገበዝ ሄድኩ። ገበዙ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋይ የሚጠብቁ፣ ጧፉን ከእናቴ እጅ የሚረከቡ ሽማግሌ ካህን ናቸው። መስቀላቸውን ተሳልሜ፣ «አባታችን፣ ይህች ሴት ጧፍ ትሠራለች፣ ለደብሩ የምታቀርበው እሷ ናት ብለው አንዲት ቃል ቢጽፉልኝ፣ ማኅተሙንም ቢያደርጉልኝ» አልኳቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ያ ነጋዴ ለደብሩ አንድ ሳጥን ሻማ በነጻ ሰጥቷል።»

«ነጩን ሻማ? ሞራ ነው እኮ አባቴ! ያሸቱታል እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«መቅደስ አይገባም ሲሉን አልነበረም?»

«ከጨለማ ይሻላል» አሉኝ። «እኔ ዛሬ ለአንቺ ጽፌ ነገ ሹሙ ቢጠራኝ፣ ደብሩን ማን ይጠብቃል? ታገሺ፣ ጊዜ ነው።»

ጊዜ ነው! ለእኔ ሲሆን ሁልጊዜ ጊዜ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እስክወጣ ድረስ እንባዬ እየወረደ ነበር። በየመንገዱ የማገኘው ሰው ሁሉ የእኛን ጧፍ ለልጁ ክርስትና፣ ለአባቱ ተዝካር አብርቶ የሚያውቅ ነው። አንዱ እንኳ «እሷማ ትሠራለች» ብሎ አብሮኝ ቢሮ ደጅ አልቆመም። ሁሉም «እግዜር ያውቃል» ይለኛል። ከተማ ሠራተኛውን እንዴት እንደሚይዝ የሚጠይቀኝ ካለ መልሴ ይኸው ነው፤ ጣሊያን ነቀለን፣ የአገሬ ሰው ደግሞ ቆሞ አየ። እኔስ ብሆን ለሸማኔው አፌን ከፍቻለሁ ወይ? አልከፈትኩም። የራሴን ሳሯሯጥ የእሱን ረሳሁት፤ እሱ ዕቃውን ሰቅሎ መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ሲፈልጥ አየሁት።

ከዚያ ወዲያ ቢሮ ደጅ መጥናት ሥራዬ ሆነ። ጠዋት እሄዳለሁ፣ ግድግዳው ሥር እቀመጣለሁ፣ ሲመሽ እመለሳለሁ። ቤት ውስጥ የነበረው ሰም አለቀ። ጠጅ ጣዮቹ ሰፈፉን ሊሸጡልን ፈሩ፤ አንዷማ በሩን ዘግታ በቀዳዳ ነው ያናገረችን። እናቴ ድስቷን አጥባ ደፋችው። ያን ድስት ተደፍቶ አይቼው አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን አስተርጓሚው ወጣና ሳልጠራው ወደ እኔ መጣ። ያቺ የእንጀራ ነገር ሳትቆረቁረው አልቀረችም። «ሥራሽን የሚያሳይ ነገር አምጪ» አለኝ። «ጥሩ አድርገሽ ሥሪና አምጪ። ሹሙ በዐይኑ ካየ ስምሽን ያስገባ ይሆናል።»

ቤት ስገባ እየሳቅሁ ነበር፣ ከዚያ ሰም እንደሌለን ትዝ አለኝና ወሽመጤ ቁርጥ አለ። እናቴ ነገሩን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና ተነስታ በዳበሳ ወደ ሳጥኗ ሄደች።

ሳጥኑ ውስጥ መግነዟ ነበር። የዚያ ዘመን አሮጊቶች መግነዛቸውን አዘጋጅተው ነው የሚኖሩት። በመግነዙ ውስጥ ተጠቅልሎ ደግሞ የሁለት ጭብጥ ያህል ድቡልቡል ሰም አለ። ለብዙ ዓመት ከየሥራው ምርጥ ምርጡን እየጨመረች ያጠራቀመችው ነው፤ ለራሷ ቀብር የሚሆን ጧፍ። «የስንቱ ሬሳ በእጄ ሥራ ተሸኝቷል፣ እኔንም በራሴ ሰም ሸኙኝ» ትለኝ ነበር፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። ሌላ ኑዛዜ አልነበራትም። ሌላ የምትናዘዘው ሀብትም የላት።

«አይሆንም» አልኳት።

«ያዢው።»

«አይሆንም እማዬ፣ ሞቼ ነው የምነካው።»

«ያዢው ልጄ። ለሬሳ ምን ያደርጋል፤ አንቺ ብዪበት። ወረቀቱ ሲመጣ ትተኪልኛለሽ።»

ሦስተኛ እስክትለኝ ጠበቅሁ፤ ወግ ነዋ። ለሦስተኛ ጊዜ «በሞቴ» አለችኝ። ተቀበልኩ። «እተካልሻለሁ» አልኳት።

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጧፍ ሠርቼ አላውቅም። ጥጡን ሁለቴ አጠራሁት። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ሰሙ ሲግል በአፍንጫዋ «አሁን አውጪው፣ አሁን» ትለኛለች። ቀጥ ያለ፣ እንደ ወርቅ ቢጫ፣ ጫፉ ከሥሩ የማይለይ ሆኖ ወጣ። አንዱንም አላስቀረሁም፤ ሙሉ እስር ቢሆን ያምራል፣ ሹሙ ብዛቱንም ቢያይ ጥሩ ነው ብዬ ሁሉንም አሰርኩት። ጅል! ሁለቱን፣ ሦስቱን እንኳ ባስቀር ምን ነበረበት? እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚበላኝ ይህ ነው።

በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ወሰድኩ። አስተርጓሚው ተቀብሎኝ ገባ። ግድግዳው ሥር ተቀምጬ ጠበቅሁ። ፀሐይዋ ከራሴ በላይ ደርሳ ወደ ምዕራብ ስትዘነበል ወጣ።

«ሹሙ ወዶታል» አለኝ። «ጥሩ ሥራ ነው ብሏል።»

«እሰይ! እሰይ!» ብዬ ተነሳሁ።

«ግን መዝገቡ ተልኳል። ወደ ላይ ተልኳል፣ አይከፈትም። ለሚቀጥለው ዓመት ይታያል አለ።»

«እንግዲያው ጧፌን መልስልኝ» አልኩ።

«ቀረ እኮ።»

«የእናቴ የቀብሯ ሰም ነው! መልስልኝ!»

አስተርጓሚው ይህን አላወቀም ነበር። አሁን ሲያውቅ ዐይኔን ማየት አልቻለም። ገብቶ ሲመለስ እጁ ባዶ ነው። «ተከፋፍለውታል» አለ። በሩ ላይ ከቆሙት ዘበኞች አንዱ በቀን በብርሃን አንዱን ጧፍ አብርቶ ሲጋራውን ሲያቀጣጥል አየሁ። ሲጋራው ከተያያዘ በኋላ ጧፉን እፍ አለው፣ ጣለው፣ ረገጠው። ጎንበስ ብዬ ቁራጩን ለማንሳት እጄን ዘረጋሁ። ዘበኛው በጫማው ገፋኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ ደጃፍ ተቀምጣ ነበር። «ምን አሉሽ?» አለችኝ።

«ወደውታል» አልኩ። «ጥሩ ሥራ ነው አሉ።»

«አላልኩሽም! ወረቀቱስ?»

«ይመጣል። ለሚቀጥለው ዓመት።»

ውሸት አልነበረም፣ እውነትም አልነበረም። እሷ ግን ደስ አላት። ፊቷን ወደምትጠልቀው ፀሐይ አዙራ ስለ ሰፈፍ ስታወራ አመሸች። «የደብረ ኤልያስ መንገድ ሲከፈት ማሩን ከነሰሙ እናመጣለን፣ ከዚያ መጀመሪያ የእኔን ትተኪያለሽ፣ ከዚያ ለደብሩ፣ ከዚያ ለገበያ» ትለኛለች። እኔ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዣት ሄድኩ። ቅዳሴው እንደተጀመረ እጄን ጨበጠችኝ። «ምንድን ነው የሚሸተው?» አለች። ደግማ አሸተተች። «ሞራ ነው» አለች፤ «ሞራ ነው ልጄ፣ መቅደስ ውስጥ ሞራ እየነደደ ነው።» በዳበሳ ተነስታ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ከቅጥሩ ውጭ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር የምታስቀድሰው። ገበዙ ሲያልፉ ድምፃቸውን ታውቃለች፣ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች። እሳቸውም አይባርኳትም፣ ያፍሩ ነበር መሰለኝ።

ክረምቱ ሳይወጣ ታመመች። ሦስት ቀን አልቆየችም። በመጨረሻው ቀን ልቧን አልሳተችም ነበር፤ «ወረቀቱ መጣ?» አለችኝ። «እየመጣ ነው» አልኳት። «እንግዲያ የእኔን ተኪ» አለች። ከዚያ ወዲያ የተናገረችውን አልሰማሁትም፣ ዝቅ ያለ ነበር።

ቀብር ለነገ አይባልም። ጎረቤት አስከሬኗን ሲያጥብ እኔ በዝናብ ውስጥ ጠጅ ቤት ለጠጅ ቤት ሮጥኩ። «አንዲት ጭብጥ፣ ለእናቴ!» እያልኩ። ማር ከመጣ ስንት ጊዜው ነው፤ ከየት አምጥተው? በሩን ዘግታብን የነበረችዋ ሴት ዛሬ ከፍታ፣ ጋኗን ገልብጣ አሳየችኝ። ደረቅ ነው። «ቢኖረኝ ዛሬ እከለክልሻለሁ ልጄ?» ብላ አብራኝ አለቀሰች። ዛሬ ማልቀሷ ምን ይረባኛል ብዬ ተቆጣሁ፤ ደግሞም አቀፍኳት።

ስመለስ ዲያቆናቱ ደርሰዋል። ፍትሐቱ ተጀምሯል። በየእጃቸው የያዙት ነጩን ሻማ ነው። ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። እናቴ በመግነዟ ተጠቅልላ በሞራ ብርሃን መካከል ተኝታለች፣ ከእንግዲህ ተነስታ መውጣት አትችልም። ሻማውን ከአንዱ ዲያቆን እጅ ነጥቄ አጠፋሁት። ሰው ያዘኝ፣ ኀዘኑ ነው አለ። ዲያቆኑ መልሶ አበራው።

በሰባተኛው ቀን አንዲት ማር ነጋዴ አሮጊት ከደብረ ኤልያስ ለለቅሶ ደረሰች። መንገዱ ትንሽ ተከፍቶ ነው፤ ማር ግን አልያዘችም። እናቴን ከሰላሳ ዓመት በላይ የምታውቃት ናት፤ የሆነውን ሁሉ ግን አልሰማችም። ካለቀሰች በኋላ አጠገቤ ተቀመጠች፣ እጄን ይዛ መዳፌን ገልብጣ አየችው። ሰም ያቃጠለው ጠባሳ አሁንም አለ።

«አሁን ምን ትሠሪያለሽ ልጄ?» አለችኝ።

«ምን ሥራ አለኝ እማማ» አልኳት።

ፈገግ አለች። ወጉን ታውቃለች። «ኧረ ተይ፣ ይህ የእናትሽ እጅ አይደል» አለች።

«የለኝም እማማ።»

«በሞቴ፣ ንገሪኝ» አለች በሦስተኛው።

ሰው ሦስተኛ ሲጠየቅ አይክድም። አፌን ከፈትኩ፣ የምናገረውን ፈለግሁ፣ የተዘጋጀ ነገር አልነበረም። «የለኝም» አልኳት፣ «እውነቴን ነው።»